ሩሲያኛን በአማርኛ በኩል፦ በስልክና በኮምፒውተር ፕሮግራም ለሚጀምሩ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ውስጥ፣ በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ በተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ የሠሩ ወይም ለትምህርት ወደዚያው አገር ተልከው የተመለሱ አዛውንቶች ዛሬም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። የሰፈራችን ጡረተኛ መካኒክ፣ እኛ «ጋሼ» የምንላቸው፣ መፍቻ ሲያቀብሉ እንኳ «ፓዣሉስታ» (እባክዎ) ማለት አይቀርላቸውም። እሳቸው ቋንቋውን ከሰው አፍ ተምረውታል፤ እኔ ግን የጀመርኩት ከስልክ ነው። ለሦስት ወር ያህል በእንግሊዝኛ በሚያስተምር ፕሮግራም ስደክም ከቆየሁ በኋላ፣ ስሜን በሩሲያኛ እንድነግራቸው ሲጠይቁኝ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል መደርደር ጀመርኩ። ጋሼ ሳቁና «እንግሊዝኛውን ምን አመጣው? እከሌ ይሉኛል በላ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ «ሚንያ ዛቩት» የሚለው የሩሲያኛ አባባል ቃል በቃል ሲፈታ «ይሉኛል» ማለት ነው።

ታዋቂዎቹ የቋንቋ ማስተማሪያ ፕሮግራሞች ሩሲያኛን የሚያስተምሩት በአማርኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ ትልልቅ ቋንቋ በኩል ነው። ፕሮግራሙን መቀየር አንችልም፤ ሆኖም በእንግሊዝኛ የቀረበልንን ትምህርት በአማርኛ መቀበል እንችላለን፤ ይህ ጽሑፍም ያንን ለማድረግ የሚያስፈልጉትን እርምጃዎች በቅደም ተከተል ያስረዳል።

መሣሪያዎቹን ማዘጋጀት

ለጀማሪ ሦስት መሣሪያዎች ይበቃሉ፤ አንድ ትምህርቱን በተራ የሚያቀርብ የኮርስ ፕሮግራም፣ አንድ የቃላት ካርድ ፕሮግራምና አንድ የአነጋገር ማዳመጫ። ለኮርስ ዱዎሊንጎ በነጻ ስለሚገኝና የሩሲያኛ ትምህርት ስላለው መነሻ ሊሆን ይችላል። ሮዜታ ስቶን ያለ ትርጉም በሥዕል ስለሚያስተምር እንግሊዝኛን በመጠኑ ያስቀራል፤ ፒምስለር ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚፈጁ የድምፅ ትምህርቶች ጆሮንና አፍን ያሠለጥናል። እነዚህ ሁለቱ ግን ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ከእኛ አገር ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በነጻ የሚገኙትን መጠቀም ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ለካርድ አንኪ የሚባለውን ፕሮግራም ይጫኑ። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ነጻ ነው፤ በአይፎን ብቻ ይሸጣል። ትልቁ ጥቅሙ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው፤ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲደክም ልምምዱ አይቋረጥም። ለአነጋገር ፎርቮ የተባለው ድረ ገጽ የቋንቋው ተወላጆች እያንዳንዱን ቃል ሲጠሩ የተቀዳ ድምፅ ይዟል። የሚወርደውን ሁሉ ዋይፋይ በሚገኝበት ቦታ አንድ ጊዜ ማውረድ ለጥቅል የሚወጣውን ገንዘብ ያድናል።

ቀጥሎ በስልክዎ ቅንብር ውስጥ ገብተው የሩሲያኛ የፊደል ገበታ ይጨምሩ። የሩሲያውያን መደበኛ ገበታ ከእንግሊዝኛው ጋር አይገናኝም፤ ከላይኛው ረድፍ ግራ ሲጀመር የ«ይ»፣ የ«ትስ»፣ የ«ኡ» እና የ«ክ» ድምፅ ያላቸው ፊደላት ይከተላሉ። በስልክ ፊደሉ ስለሚታይ ይህንኑ መደበኛ ገበታ ይልመዱ። በኮምፒውተር ግን ፓወር ግዕዝን የለመደ እጅ የእንግሊዝኛውን ቁልፍ በድምፁ መምታት ስለሚቀለው፣ ዊንዶውስ ውስጥ «ሩሲያኛ ምኒሞኒክ» ተብሎ የሚገኘውን ገበታ ቢመርጥ በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ፊደሉን በሁለት ሳምንት መጨረስ

የሩሲያኛ ፊደላት 33 ናቸው፤ 10 አናባቢ፣ 21 ተነባቢ፣ እንዲሁም የራሳቸው ድምፅ የሌላቸው 2 ምልክቶች። ከሁለት መቶ በላይ የፊደል ቅርጾችን በልጅነቱ የቆጠረ ሰው ይህን ሊፈራ አይገባም። አስቸጋሪዎቹ እንግዳ ቅርጽ ያላቸው ፊደላት እንዳይመስልዎ፤ ከላቲን ፊደል ጋር መልካቸው አንድ ሆኖ ድምፃቸው የተለየው ናቸው። የእንግሊዝኛውን ፒ የሚመስለው «ር» ተብሎ ይነበባል፤ ኤች የሚመስለው «ን»፣ ሲ የሚመስለው «ስ»፣ ትልቁን ቢ የሚመስለው «ቭ»፣ ኤክስ የሚመስለው «ኽ»፣ ዋይ የሚመስለው ደግሞ «ኡ» ነው። በዚህ ምክንያት «ሬስቶራን» ተብሎ የተጻፈውን የምግብ ቤት ምልክት ጀማሪ ሁሉ «ፔክቶፓህ» ብሎ ያነበዋል። በመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን ስድስቱን ብቻ ይዘው በቀን አሥር ጊዜ ይጻፏቸው። የተገላቢጦሽ አር የሚመስለው «ያ» እና የተገላቢጦሽ ኤን የሚመስለው «ኢ» ግን ራሳቸው ስለሚያስታውሱ ብዙ አያደክሙም።

የኮርስ ፕሮግራሞች የሚያሳዩት የማተሚያ ፊደል ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱ ግን ሌላ መልክ አለው። በእጅ ሲጻፍ «ት» ትንሹን ኤም ይመስላል፣ «ድ» ጂን፣ «ኢ» ዩን። ሩሲያ ሄዶ ለመማር የሚያስብ ሰው መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእጅ ጽሕፈት ስለሚጽፉ፣ ይህን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በደብተር ሊለማመድ ይገባዋል።

ከድምፆቹ ውስጥ የእኛ የሆኑትን መለየት

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ያለውን ሀብት ፕሮግራሙ አይነግረውም። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ማብራሪያዎች እጅግ አስቸጋሪ ነው እያሉ የሚያስፈራሩበት አንድ የሩሲያኛ አናባቢ አለ፤ ምላስን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ከንፈርን ወጥሩ እያሉ ገጽ ይሞላሉ። እኛ ይህን ድምፅ ሳድስ እንለዋለን። አይብ ማለት የሆነውን የሩሲያኛ ቃል ለመጥራት «ከዛፍ ሥር» ስንል «ሥር» የምንለውን ማለት ብቻ በቂ ነው፤ ልዩነቱ ሩሲያውያኑ አናባቢውን ትንሽ ጎተት ማድረጋቸው ነው። «ዥ»፣ «ሽ»፣ «ች» እና የሚንቀጠቀጠው «ር» አፋችን ላይ አሉ። ረጅሙና ለስላሳው «ሽ» እንኳ «ይሻላል» ስንል ከምናጠብቀው «ሽ» ብዙም አይርቅም።

የሚያሳስቱን ሌሎቹ ናቸው። «ትስ» ተብሎ የሚጠራውን ፊደል «ጽ» ማለት ይቀናናል፤ ነገር ግን በሩሲያኛ እንደ «ጽ» ከጉሮሮ የሚፈነዳ ድምፅ የለም፤ «ት» እና «ስ» ሳይለያዩ በፍጥነት መባል አለባቸው። «ቭ» ደግሞ በጥርስና በከንፈር መካከል ካልወጣ «ብ» ይሆናል። የተደራረቡ ተነባቢዎች ሲመጡም በመካከላቸው ሳድስ የማስገባት ልማድ አለን፤ «ዝድራስትቩይትዬ» የሚለውን ሰላምታ የብዙዎቻችን አፍ በስድስት ሰባት ቁራጭ ይከፋፍለዋል። የፎርቮን ድምፅ እየሰሙ ከኋላ ወደ ፊት መገንባት ይረዳል፤ መጀመሪያ «ቩይትዬ»፣ ከዚያ «ስትቩይትዬ»፣ ከዚያ ሙሉውን።

የለሰለሱ ተነባቢዎች ራሳቸውን የቻሉ ርዕስ ናቸው። ለወንድ «ክፈት» ብለን ለሴት «ክፈቺ» ስንል፣ ወይም «ውሰድ» ወደ «ውሰጂ» ሲለወጥ፣ «ኢ» የምላሳችንን ሆድ ወደ ላንቃ ስቦ «ት»ን «ች»፣ «ድ»ን «ጅ» ያደርገዋል። የሩሲያኛው ማለስለስ በዚሁ መንገድ ይጀምራል፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ወንድም ማለት በሆነው «ብራት» እና መውሰድ ማለት በሆነው «ብራት» መካከል ያለው ልዩነት የመጨረሻው «ት» መለስለስ ብቻ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ሁለቱን ለይቼ መጻፍ እንደማልችል ልብ ይበሉ። በዚህ ጽሑፍ ቃላቱን በእኛ ፊደል ያስቀመጥኩት ለማንበብ እንዲቀል ነው፤ እርስዎ ግን ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በደብተርዎ ላይ ይህን አያድርጉ።

ሌላው ጫና ነው። በሩሲያኛ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ አንድ አናባቢ ከሌሎቹ በርትቶ ይነገራል፤ ቦታው ግን በተራ ጽሑፍ ላይ አይታይም። እኛ «ገና» የሚለውን ስናነብ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ መጥበቅ መላላቱን ከአገባቡ እንደምናውቀው ሁሉ፣ እነሱም ግንብን «ዛማክ»፣ ጓጉንቸርን ደግሞ «ዛሞክ» ብለው ሲጠሩ አጻጻፉ አንድ ነው። ጫና ያላረፈበት «ኦ» ወደ «አ» ስለሚያደላ፣ በሦስት «ኦ» የሚጻፈው ወተት «ማላኮ» ይባላል። ስለዚህ አንድን ቃል ድምፁን ሳይሰሙ ወደ ካርድ አያስገቡ።

ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ በአማርኛ መመለስ

አንድ ፕሮግራም ላይ ሩሲያኛውን በትክክል ተረድቼ ሳለ፣ በትርጉሙ ውስጥ የእንግሊዝኛን መስተአምር («ኤ»ን ወይም «ዘ»ን) በመዝለሌ ስህተት ተብዬ ነጥብ የተቀነሰብኝ ጊዜ ብዙ ነው። ሩሲያኛ እንዲህ ያለ መስተአምር ጨርሶ የለውም። የእንግሊዝኛ ስህተትዎ የሩሲያኛ ስህተት መስሎ እንዳያሳዝንዎ፣ ምርጫ ሲኖርዎ ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ ከሚያስተረጉመው መልመጃ ይልቅ ማዳመጥንና ወደ ሩሲያኛ መጻፍን ያብዙ።

ጥያቄው ሲመጣ አረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በልብዎ ወደ አማርኛ ይመልሱት። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ተውላጠ ስም ሲጠቀም፣ ሩሲያኛ ለቅርብ ሰው አንድ፣ ለአክብሮትና ለብዙ ሰዎች ደግሞ ሌላ አለው፤ «አንተ» እና «እርስዎ» እያለ ያደገ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። «አለኝ» የምንለውንም ይመልከቱ፤ «መጽሐፍ አለኝ» ስንል የግሡ ባለቤት መጽሐፉ ነው፤ ሩሲያኛም «ኡ ሚንያ ዬስት ክኒጋ» ሲል «በእኔ ዘንድ መጽሐፍ አለ» ማለቱ ነው። «በረደኝ» ለማለት «ምንዬ ኾላድና»፣ «ደስ ይለኛል» ለማለት «ምንዬ ንራቪትሳ» ይባላል፤ በሁለቱም ሰውየው ብርዱ ወይም ደስታው የሚደርስበት እንጂ አድራጊ አይደለም። በእንግሊዝኛ በኩል ከሄዱ እነዚህ ሁሉ ልዩ ሕግ ሆነው ይሸመደዳሉ፤ በአማርኛ በኩል ግን የሚሸመደድ ነገር ያንሳል።

የምናውቃቸው ቃላትም ብዙ ናቸው። ጋዜጣ «ጋዜታ»፣ ሾፌር «ሻፎር»፣ ሙዚቃ «ሙዝካ»፣ ካርታ «ካርታ»፣ ፋብሪካ «ፋብሪካ»፣ ቤንዚን «ቢንዚን» ይባላሉ፤ አብዛኞቹ ወደ እኛም ወደ እነሱም የገቡት ከጣሊያንኛና ከፈረንሳይኛ ነው። «ማጋዚን» ሱቅ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው መጽሔት ይመስለዋል፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን መጋዘንን ያስታውሳል፣ ዕቃ ካለበት ቦታም ብዙ አይርቅም። «ፋሚሊያ» ግን ቤተሰብ ሳይሆን የዘር ስም ነው። ቅጽ ሲሞሉ ከእሱ ሌላ የአባት ስም የሚሰፍርበት ቦታም ያገኛሉ፤ ሩሲያውያን አንድን ሰው በአክብሮት ሲጠሩ ከስሙ ቀጥሎ ከአባቱ ስም የተገኘ መጠሪያ ይጨምራሉ፤ የፒዮትር ልጅ ኢቫን «ኢቫን ፔትሮቪች» ይባላል።

ካርዶቹን በገዛ እጅ መሥራት

በኢንተርኔት የተዘጋጁ የአንኪ ካርዶች ሞልተዋል፤ ትርጉማቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሱናል። በፊት ለፊቱ ገጽ አንድ አጭር የሩሲያኛ አረፍተ ነገርና ድምፁን፣ በጀርባው ደግሞ ሰው አዳማ ላይ በእርግጥ የሚናገረውን አማርኛ ያስቀምጡ። የእኔ አንድ ካርድ ይህን ይመስላል፦ በፊት «ያ ዬዱ ና ርናክ»፣ በጀርባ «በባጃጅ ወደ ገበያ እየሄድኩ ነው»። ባጃጁ ለጨዋታ የገባ አይደለም፤ ለምን እንዳስፈለገ ከታች እመለስበታለሁ።

አንኪ መልሱን ያወቁትን ካርድ እያራቀ፣ የረሱትን እያቀረበ ያመጣል። ሲጫን በቀን 20 አዳዲስ ካርዶች እንዲያቀርብ ተደርጎ ነው፤ ይህ ለሠራተኛ ሰው ብዙ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት የሚከለሰው ክምር ያስደነግጣል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ወደ 8 ያውርዱት። አንድ ቀን ካመለጠዎ አዲስ ካርድ አቁመው ክለሳውን ብቻ ይጨርሱ።

ስድስቱን ሙያዎች በ«የ»፣ በ«ለ»ና በ«በ» መያዝ

ብዙ ጀማሪ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። የሩሲያኛ ስም በአረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለው ሙያ መጨረሻው ይለወጣል፤ ሙያዎቹም ስድስት ናቸው። እኛም ይህን ሥራ እንሠራለን፤ ልዩነቱ አብዛኛውን ምልክት ከፊት መለጠፋችን ነው። መጽሐፍ የሚለውን ቃል እንደ አጻጻፉ ብንከተለው፣ ባለቤት ሲሆን «ክኒጋ» (መጽሐፍ)፣ አገናዛቢ ሲሆን «ክኒጊ» (የመጽሐፍ)፣ ተቀባይ ሲሆን «ክኒጌ» (ለመጽሐፍ)፣ ተሳቢ ሲሆን «ክኒጉ» (መጽሐፍን)፣ መሣሪያ ሲሆን «ክኒጎይ» (በመጽሐፍ)፣ ከ«ስለ» ጋር ሲመጣ ደግሞ እንደገና «ክኒጌ» (ስለ መጽሐፍ) ይሆናል። ሰንጠረዡን በአንድ ጊዜ አይሸምድዱ። መጀመሪያ ተሳቢውን ብቻ ለሁለት ሳምንት ይያዙ፤ «ን» የምንጨምርበትን ቦታ ስለምናውቅ ይቀልላል፤ ይሁን እንጂ እኛ «መጽሐፍ ገዛሁ» ስንል «ን»ን እንደምንተወው ሩሲያኛው አይተውም።

አንድ ወጥመድ አለ። «በብዕር ጻፍኩ» እና «በአዳማ እኖራለሁ» ስንል «በ» አንድ ናት፤ በሩሲያኛ ግን የመጀመሪያው የመሣሪያ ሙያ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ መስተዋድድ ይጨምርና «ቭ አዳሜ» ይሆናል። አዎን፣ የከተማችንም ስም በ«አ» ስለሚያልቅ እንደ ሴት ስም ይረባል።

አማርኛ የማያግዝበት ቦታ

«ሄደ» የሚለው ግሣችን በእግርም በመኪናም ያገለግላል። ሩሲያኛ ግን በእግር የሚሄድ ሰው «ያ ኢዱ»፣ በተሽከርካሪ የሚሄድ ደግሞ «ያ ዬዱ» እንዲል ያስገድዳል፤ ዘወትር የሚመላለስ ከሆነም ሌላ ግሥ ይመጣል። በካርዴ ጀርባ ባጃጅ ያስገባሁት ለዚህ ነው፤ «ወደ ገበያ እየሄድኩ ነው» ብዬ ብተወው ኖሮ የትኛው ግሥ እንደሚፈለግ ካርዱ አይነግረኝም ነበር። በእነዚህ ግሦች ካርድ ላይ ሁልጊዜ «በእግር»፣ «በባጃጅ»፣ «በየቀኑ» የሚል ቃል ይጨምሩ።

ግሦቹ ድርጊቱ ማለቁንና አለማለቁንም በጥንድ ይለያሉ፤ «ቺታል» ሳነብ ነበር ለማለት፣ «ፕራቺታል» አንብቤ ጨረስኩ ለማለት ነው። በካርዱ ላይ «ጨረስኩ» የምትለውን ቃል ማስገባት ግማሹን ሥራ ትሠራለች። በተጨማሪ በኃላፊ ጊዜ «እኔ» የምትል ሴት የግሡን መጨረሻ ትለውጣለች፤ ወንዱ «ያ ቺታል» ሲል እሷ «ያ ቺታላ» ትላለች። የወንድ ድምፅ እየሰማች የምትማር ሴት ይህን ሳታስተውል እንደ ወንድ መናገር ትለምዳለች፤ ስለዚህ ለራሷ ካርድ ስትሠራ የሴቷን መልክ ታስገባ።

ጊዜንና ደረጃን መለካት

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሩሲያኛን በሥራ ደረጃ ለማወቅ 1100 ያህል የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ይገምታል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚማር ሰው ይህ ሦስት ዓመት ነው፤ በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገራሉ የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ይህን ያስታውሱ። እኔ ሰዓቱን የምከፋፍለው ጠዋት 20 ደቂቃ ለካርድ ክለሳ፣ ማታ 25 ደቂቃ ለኮርስ፣ ቀሪውን ጮክ ብሎ ለመድገም ነው።

ደረጃን በፕሮግራሙ ነጥብ ሳይሆን በሩሲያ መንግሥት የውጭ ዜጎች ፈተና መለካት ይሻላል። የመጀመሪያው ደረጃ 780 ቃላት፣ ቀጣዩ 1300፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚፈለገው ደግሞ 2300 ቃላት ገደማ ይጠይቃል። በቀን 8 ካርድ የሚጨምር ሰው፣ ቀናት ቢያመልጡት እንኳ፣ በአራትና በአምስት ወር ወደ 780 ይጠጋል።

እዚያ ሲደርሱ ፕሮግራም ብቻውን አይበቃም። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው በተለምዶ ፑሽኪን የሚባለውን የሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከል መጠየቅ ይችላል። መንገድ ለማይመቸው ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፤ ስለ ራስዎ የአንድ ደቂቃ ንግግር በስልክዎ ይቅዱና፣ ከወር በኋላ ያንኑ ንግግር እንደገና ቀድተው ሁለቱን ያነጻጽሩ። የመጀመሪያውን ቅጂዬን ለጋሼ ሳሰማቸው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ ያረሙኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የቤቴ በር ጓጉንቸር ተበላሸ ለማለት ፈልጌ፣ የጫናውን ቦታ በማሳሳቴ፣ ግንቤ ፈረሰ ብዬ ነበር።